ቀንድ አውጣዎቹ ከየት ይመለሳሉ?

በየዓመቱ መስከረም ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት የኖቤል ተሸላሚዎች ስም ይታወጃል። ያን ሰሞን የድኅረ ምረቃ ተማሪዎቼ ቢሮዬ ጎራ ሲሉ ወሬያቸው ሁሉ ሽልማት ነው፤ ማን ወሰደ፣ ስንት ተከፈለው፣ እኛ አገር ለምን የለም። ባለፈው ዓመት ከመካከላቸው አንዱ ደፈር ብሎ፣ «ዶክተር፣ ይህን ሁሉ ዘመን ወንዝ ለወንዝ ሲዞሩ ኖረው ምን አገኙ?» አለኝ። በክፋት አልነበረም። የማስተርስ ትምህርቱን ሲጨርስ ባንክ ልቀጠር ወይስ በምርምሩ ልቀጥል እያለ ይጨነቅ ነበር። ያን ዕለት የሰጠሁት መልስ የተቆራረጠ ስለነበር አረፍ ብዬ ልጽፈው ፈለግሁ፤ በእርሱ ቦታ ላሉ ሌሎችም ይጠቅም ይሆናል።

ሥራዬ ቢልሃርዝያን በሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎች ላይ ነው። ለማያውቀው ባጭሩ ልንገር። በበሽታው የተያዘ ሰው ወንዝ ዳር ሲጸዳዳ የትሉ እንቁላሎች ውሃ ውስጥ ይገባሉ። እንቁላሉ ይፈለፈልና እጩ የሚስማማውን ቀንድ አውጣ ፈልጎ ሰውነቱ ውስጥ ይገባል። እዚያ ለሳምንታት ሲራባ ይቆይና ሰርካሪያ የሚባሉ ደቃቅ እጮች ሆኖ፣ በሺህ በሺህ እየሆነ ወደ ውሃው ይመለሳል። ከዚያ ወዲያ ልብስ የሚያጥብ፣ የሚዋኝ ወይም ከብት የሚያጠጣ ሰው ቆዳ ሰርስሮ ይገባል። በአገራችን የአንጀት ቢልሃርዝያ የሚተላለፈው ባዮምፋላሪያ በሚባሉት፣ ቅርፊታቸው ጠፍጣፋ በሆነ ቀንድ አውጣዎች ነው። እነርሱ በሌሉበት ውሃ ይህ በሽታ አይተላለፍም።

የመጀመሪያውን ሰርካሪያ ያሳዩኝ ጋሼ ናቸው። የላቦራቶሪያችን አንጋፋ ቴክኒሻን ነበሩ፤ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ከጽዳት ሠራተኛው እስከ ዲኑ ጋሼ ያላላቸው አልነበረም። ከወንዝ ለቅመን ያመጣናቸውን ቀንድ አውጣዎች አንድ በአንድ ንጹሕ ውሃ ባለባቸው ትንንሽ ብልቃጦች ከፋፍለን መስኮቱ ሥር ደረደርናቸው። ይህ ሰርካሪያ የሚወጣው ብርሃን ሲያገኝ ነውና ፀሐይ እስክትጠነክር መጠበቅ ነበረብን። ረፋዱ ላይ ጋሼ አንዱን ብልቃጥ ወደ መስኮቱ ከፍ አድርገው ዓይናቸውን ጠበብ አደረጉና «ነይ እዪ» አሉኝ። በባዶ ዓይን የሚታየው ነጭ ነጠብጣብ ብቻ ነው። ማይክሮስኮፕ ሥር ሳደርገው ግን ጅራቱ ጫፉ ላይ ለሁለት የተሰነጠቀ ፍጡር እየተገለባበጠ ይወጣል፣ ትንሽ ያርፍና ይሰጥማል፣ ደግሞ በጅራቱ እየተገፋ ይነሣል። «ጅራቱ መንታ ከሆነ ጓንትሽን እንዳታወልቂ፣ ልጄ» አሉኝ። መንታ ጅራት ያለው ሁሉ የሰው እንዳልሆነ፣ የወፎችም እንዳለ ያስተማሩኝ እርሳቸው ናቸው። በስማቸው የወጣ አንድም የጥናት ጽሑፍ የለም። እኔ ግን ከብዙ ፕሮፌሰሮች ይልቅ ከእርሳቸው ተምሬአለሁ።

የራሴ ጥያቄ የተወለደው ከዚህ ሥራ ነው። እየተመላለስን የምናጠናው አንድ ወንዝ ነበረ። ክረምት ሲገባ ጎርፉ ቀንድ አውጣዎቹን ጠራርጎ ይወስዳቸዋል፤ በመስከረምና በጥቅምት ወንፊታችንን ይዘን ከላይ እስከ ታች ብንዞር ባዶ ነው። ጥር ላይ ግን ልብስ ማጠቢያው ቦታ ሞልተው እናገኛቸዋለን። ታዲያ ከየት መጡ? ላይኛው ተፋሰስ ካለ ረግረግ ይመጣሉ እንዳንል፣ ላይኛውን ወንዝ ፈትሸን ያገኘነው ድንጋይና ፈጣን ውሃ ብቻ ነው። ውሃው በሚሮጥበት ቦታ ደግሞ ባዮምፋላሪያ አይቀመጥም። ጥያቄውን ለባልደረቦቼ ባነሣ ብዙም አላስደነቃቸውም። መድኃኒቱ ካለ፣ ሕሙማኑ ከታከሙ፣ ቀንድ አውጣው ከየት እንደመጣ ማወቅ ምን ይፈይዳል አሉኝ። ለእኔ ግን እንቅልፍ የሚነሣ ነገር ሆነ። ደግሞም የታከሙት ልጆች በዓመቱ ተመልሰው ሲታመሙ እያየሁ፣ ምን ይፈይዳል የሚለው ክርክር አልዋጥልህ አለኝ።

ፍንጩን የሰጠን ጥጃ የሚጠብቅ ልጅ ነው። ወንፊታችንን አይቶ ምን እንደምንፈልግ ጠየቀ፤ ባዶ ቅርፊት አሳየሁት። «እነሱማ እዚያ ሞልተዋል» ብሎ ከወንዙ ዳር ከፍ ወዳለ ቦታ ወሰደን። ምንጭ ለማለት እንኳ ያስቸግራል፤ ከቋጥኝ ሥር የሚያዥ፣ ሣርና የዛፍ ሥር የሸፈነው፣ ጥጃ አጎንብሳ የምትጠጣው ያህል ውሃ ነው። ጎርፍ አይደርስበትም። ሣሩን ገለጥ ስናደርገው ከቅጠሉ ጀርባ ተለጥፈዋል።

እዚያ መኖራቸው ግን ወንዙን የሚሞሉት እነርሱ ናቸው ማለት አይደለም። ማስረጃ ያስፈልጋል። ከሱቅ ቀይ የጥፍር ቀለም ገዛን፤ ባለሱቋ ሠርግ ያለብን መስሏት እንኳን ደስ ያላችሁ ብላናለች። ቀንድ አውጣውን በጨርቅ አድርቆ ቅርፊቱ ላይ አንዲት ነጥብ ማኖር፣ እስክትደርቅ መጠበቅ፣ ወደነበረበት መመለስ። ሲናገሩት ቀላል ነው፤ ወገብ ግን ያጎብጣል። ጋሼ ቀለሙን ሲቀቡ እጃቸው አይንቀጠቀጥም ነበር፤ እኔ ስቀባ ግማሹ ጣቴ ላይ ይቀራል። ከዚያ ክረምቱ መጣ፤ ምንጩን ሞልቶ ወደ ወንዙ አፈሰሰው። ክረምቱ ካለፈ በኋላ ልብስ ማጠቢያው ቦታ ላይ ወንፊቱን አንሥቼ ጭቃውን ሳራግፍ ከበሰበሰ ቅጠል መካከል ቀይ ነጥብ አየሁ።

ጮኽሁ። አጣቢዎቹ እባብ ያየሁ መስሏቸው ተሯሯጡ። ያችን ቅርፊት መዳፌ ላይ አድርጌ ቆሜ ሳለሁ በዓለም ላይ ይህን ነገር የሚያውቁት እኔና ጋሼ ብቻ እንደሆንን ታወቀኝ። (ጥጃ ጠባቂው ግማሹን ከእኛ ቀድሞ ያውቀው ነበር፤ ይህን መካድ ነውር ነው።) ያ ስሜት እንዴት እንደሆነ ልገልጸው ብሞክር ይበላሽብኛል። ከዚያ ወዲህ ከመድረክ ላይ የተሰጠኝ ማንኛውም ነገር ግን አጠገቡ አልደረሰም። የምስክር ወረቀት ሲሰጥህ ሌላው ሰው ስለ አንተ የሚያስበውን ታውቃለህ፤ ያን ቀን ግን ያወቅሁት ስለ ወንዙ ነው።

ውጤቱ አነስተኛ አንባቢ ባለው መጽሔት ወጣ። ማንም አልሸለመኝም፤ ሊሸልመኝም አይገባም፣ ነገሩ ትንሽ ነው። የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ግን ጽሑፉን ሳትጠብቅ የአካባቢውን ሰው አስተባብራ ምንጩን አስቆፍራ አፋሰሰችው፤ ለጥጆቹም ገንዳ ተሠራላቸው።

ማወቁ ራሱ ከሽልማት ይበልጣል ብዬ ስነግራቸው ወጣት ተመራማሪዎች የእኔ ጠባይ ብቻ ይመስላቸዋል። አይደለም። በእኛ ሙያ የዶክተር አክሊሉ ለማን ታሪክ የማያውቅ የለም፤ አብዛኛው ሰው የሚያስታውሰው ግን ሽልማቱን ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ስለ ቢልሃርዝያ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አዩ። በእንዶድ ማጠብ የጥንት ነው፤ ያን ውሃ ያየ ሰውም ብዙ ነው። እርሳቸው ግን እዚህ ለምን በዙ ብለው ቆሙ። ሕያው ቀንድ አውጣዎች በዕቃ አድርገው ከአጣቢዎቹ አንዷ የእንዶዱን አረፋ እንድትጨምርበት ጠየቁ። ቀንድ አውጣዎቹ ተኮማትረው፣ ደማቸው ፈስሶ ሞቱ። የባዮምፋላሪያ ደም እንደ እኛው ቀይ ነው፤ እኔም ላቦራቶሪ ውስጥ እንዶድ ስሞክር ውሃው ሲቀላ አይቻለሁ። ወንዝ ዳር ቆመው ያን ያዩ ሰው ምን እንደተሰማቸው ለመገመት አልቸገርም።

«ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር የተቀበሉት እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። በመካከሉ 25 ዓመት አለ። በእነዚያ ዓመታት የእንዶዱ ፍሬ ውስጥ የሚገድለው ሳፖኒን የተባለው ንጥረ ነገር እንደሆነ ተለየ፤ እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1974 ዓድዋ ላይ በተደረገው ሙከራ በትንንሽ ሕፃናት ላይ የበሽታው ስርጭት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። እንዲህም ሆኖ ከውጭ ያሉት ተቋማት ስለ መርዛማነቱ ሌላ ማስረጃ፣ ከዚያም ሌላ ማስረጃ ይጠይቁ ነበር። ሽልማትን አስቦ የተነሣ ሰው ይህን አይችለውም። በኋላም እንዶዱ በአሜሪካ ሐይቆች የውሃ ቧንቧ የሚደፍኑትን ዜብራ የተባሉ ዛጎለኞች እንደሚገድል ታወቀና የፈጠራ ባለቤትነቱን እዚያው ያለ ዩኒቨርሲቲ አስመዘገበው። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው፤ ይህ ግን ራሱን የቻለ ሌላ ጉዳይ ነው።

ከቅርቡ ሰው ደግሞ ፕሮፌሰር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ አሉ። ሰላም የተባለችውን የ3.3 ሚሊዮን ዓመት ሕፃን ቅሪተ አካል ዲኪካ ላይ ያገኙት እ.ኤ.አ. በ2000 ነው፤ ለዓለም የተገለጠችው በ2006። በመካከሉ የነበረው ሥራ በጥርስ ሐኪም መሣሪያ ከአጥንቱ ላይ አሸዋውን ቅንጣት በቅንጣት ማንሣት ነበር። አጥንቱ ራሱ ካልሳበህ በቀር እንዲህ ላለ ሥራ ወንበር ላይ የሚያስቀምጥህ ሜዳሊያ የለም።

ሽልማት በባሕርዩ የሚዘገይ ነው፤ ግኝቱ ትክክል መሆኑ እስኪረጋገጥ መጠበቅ አለበትና። ሲመጣም ለጥቂት ሰው ነው። ኖቤል በአንድ ዘርፍ ከ3 ሰው በላይ አይካፈልም፤ የሞተ ሰውም አይታጭም። እ.ኤ.አ. በ1967 ካምብሪጅ ውስጥ የዶክትሬት ተማሪ የነበረችው ጆሴሊን ቤል፣ ራሷ እጇን አስገብታ ከተከለችው የሬዲዮ ቴሌስኮፕ የሚወጣውን በሜትር የሚቆጠር ወረቀት በየዕለቱ በዓይኗ ታነብ ነበር። ከወረቀቱ ላይ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ፣ ምንም የማይመስል ጭረት አየች፤ ሌላው ሰው ቢሆን የመኪና ረብሻ ነው ብሎ ያልፈዋል። አላለፈችውም። ወረቀቱ በፍጥነት እንዲሄድ አድርጋ ስትቀዳው ምልክቱ በ1.3 ሰከንድ ልዩነት የሚመታ ሆኖ ተገኘ። ከሌላ ዓለም ፍጡራን የመጣ መልእክት ይሆን እንዴ የሚል ጥርጣሬ ሁሉ ነበረ፤ ሌላ የሰማይ ክፍል ላይ ሁለተኛውን ራሷ ስታገኝ ያ ጥርጣሬ ተነነ። ፑልሳር የሚባሉት ኮከቦች እንዲህ ታወቁ። የ1974ቱ የፊዚክስ ኖቤል ለዚህ ሥራ ሲሰጥ የተጠራው የአማካሪዋ ስም ነው።

ተማሪዎቼ እዚህ ላይ ሁልጊዜ ይቆጣሉ፤ እኔም እቆጣለሁ። እርሷ ግን በሥነ ፈለክ ሥራዋ ቀጠለች። እ.ኤ.አ. በ2018 የ3 ሚሊዮን ዶላር ሽልማት ሲሰጣት፣ ገንዘቡን በፊዚክስ ዶክትሬት ለመማር ዕድል ለማያገኙ ተማሪዎች ነፃ ትምህርት ይሁን ብላ ሰጠችው። ኖቤሉ ስላልተሰጣት ያየችው አልጠፋም። በዚያ ወረቀት ላይ ጭረቱን መጀመሪያ ያየችው እርሷ መሆኗን የሚቀይር ኮሚቴ የለም።

ሩሲያዊው የሒሳብ ሊቅ ግሪጎሪ ፔሬልማን ደግሞ የጥግ ምሳሌ ነው። መቶ ዓመት ገደማ መልስ ያጣውን የፖይንካሬን ጥያቄ ፈትቶ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ማንም እንዲያነበው በኢንተርኔት ለቀቀው። በ2006 በሒሳብ ትልቅ ክብር ያለውን የፊልድስን ሜዳሊያ፣ በ2010 ደግሞ የ1 ሚሊዮን ዶላር ሽልማት አልቀበልም አለ። ለኋለኛው ከሰጣቸው ምክንያቶች አንዱ መንገዱን የጠረገው አሜሪካዊው ሪቻርድ ሃሚልተን የእርሱን ያህል ይገባዋል የሚል ነው። አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ሪቻርድ ፋይንማን በ1965 ኖቤሉን ቢቀበልም፣ እውነተኛው ሽልማት ማወቁ ራሱና ሌሎች ሰዎች ግኝቱን ሲጠቀሙበት ማየት እንደሆነ ይናገር ነበር። ከአገሩ የሳይንስ አካዳሚም ለቋል፤ የአባላቱ ዋና ጉዳይ ማን አባል ይሁን የሚለው ሆኖ ስላገኘው።

እነዚህን ሰዎች እንደ መናኝ አድርጎ መስበክ ግን አልወድም። ቤት ኪራይ ያለበት፣ ልጅ የሚያሳድግ መምህር ሽልማት ሲመጣለት አይቀበል የሚል ሰው ካለ ኪራዩን ይክፈልለት። እኔም ቢሰጠኝ እቀበላለሁ፤ ለመስክ መኪና ነዳጅ ይሆነኛል። የምርምር ድጎማና ሽልማትን መለየትም ያስፈልጋል። ድጎማ ገና ለምትሠሩት ሥራ መሣሪያ ነው፤ ያለ እፍረት ለምኑት፣ ተወዳደሩበት። ሽልማት ላለፈው ሥራ ነው። ሁለቱን የሚያምታታ ሰው ጥያቄውን የሚመርጠው ወንዙን አይቶ ሳይሆን ኮሚቴውን አይቶ ይሆናል። ይህ ሲሆን በዓይኔ አይቻለሁ፤ በየዓመቱ ፋሽን የሆነውን ርዕስ እየተከተለ ምንም ነገር እስከ ሥሩ ሳያውቅ የቀረ ጎበዝ ልጅ አውቃለሁ።

አሁን አሁን ደግሞ ሌላ ጣጣ መጥቷል። «የዓመቱ ምርጥ ተመራማሪ ሆነው ተመርጠዋል» የሚል ኢሜይል ለእኔም ለተማሪዎቼም ይጎርፋል። የጥናት ጽሑፍህን ርዕስ ጠቅሶ ያሞግስሃል፤ ዝቅ ብለህ ስታነብ በዶላር የምዝገባ ክፍያ ይጠይቅሃል። ሥራህን ሳያነብ የሚሸልምህ ሰው ያነበበው ኪስህን ነው። ይህን ዋንጫ ገዝተው ቢሮአቸው የደረደሩ አሉ፤ የደረጃ ዕድገት ኮሚቴ ፊት ሲቀርብ ደግሞ ሁሉም ይተፋፈራል። ለጥርጣሬ ቦታ አትስጡት፣ ሰርዙት።

ለዚያ ተማሪ በመጨረሻ ያልሁት ይህን ነው። ባንኩ ይሻልሃል ወይስ ምርምሩ ብለህ አትጠይቀኝ፤ እስካሁን ከሠራኸው ውስጥ ማንም ሳያይህ፣ ማንም ሳያመሰግንህ ብትሠራው የማይሰለችህ አንድ ጥያቄ አለህ? ካለ ደመወዙ ማነሱን፣ ኬሚካል መጥፋቱን፣ መብራት መቋረጡን ትችለዋለህ። ከሌለህ ባንኩ የሚናቅ ሥራ አይደለም፤ ሳይንስ የማይወድ ሰው ሳይንስ ውስጥ ዋንጫ እየጠበቀ ከሚያረጅ ገንዘብ በታማኝነት ቢቆጥር ይሻላል። ጥያቄ ያለህ ከሆነ ግን የመስክ ደብተርህ ጀርባ ላይ ያልጠበቅሃቸውን ነገሮች ብቻ ለይተህ ጻፍ። የሠንጠረዥህን ቁጥር ማንም ይሞላዋል፤ የቀይዋ ነጥብ ጉዳይ የጀመረው «ጥር ላይ ለምን ይመለሳሉ?» ተብላ የደብተር ጀርባ ላይ ከተጻፈች አንዲት መስመር ነው። የሚያርሰውን፣ የሚያጥበውን፣ ጥጃ የሚጠብቀውንም ጠይቅ። ያገኘኸውን ደግሞ መጀመሪያ ለእነርሱ ንገር፤ ለመጽሔቱ በኋላ ይደርሳል።

ለሽልማት እጩ አድርገው የሚጠይቁህ ቀን ቢመጣ ቅጹን ሙላው፣ ግን ከግማሽ ቀን በላይ አትስጠው። የሕይወት ታሪክህን በዓመት አንድ ጊዜ አድሰህ ፋይል ውስጥ አስቀምጥ፤ ያን አያይዘህ ላክ። የተባባሪዎች ስም በሚለው ቦታ ላይ ቴክኒሻኑን፣ ሾፌሩን፣ መንገድ ያሳየውን ሰው ሳትረሳ አስገባ። ቦታው ካልበቃ ተጨማሪ ወረቀት አያይዝ፤ ይህን አድርጌ ቅጹ የተመለሰብኝ ጊዜ የለም።